የአንቴና ቱቦ መጋጠሚያ፦ የመስኮት አሉሚኒየም ለአማተር ሬዲዮ ሲውል

በ14 ሜጋ ኸርዝ የአማተር ሬዲዮ ባንድ የሚሠራ ባለ ግማሽ ሞገድ ዲፖል አንቴና ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ይረዝማል። በአዲስ አበባ የአሉሚኒየም መሸጫዎች የሚገኘው ቱቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሜትር ነው። እሱንም ቢሆን በኢምፔሪያል አካባቢ እንዳሉት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች በጠባብ ደረጃ አዙሮ እስከ ጣሪያ ማድረስ የማይታሰብ ነው። ስለሆነም አንቴናው ሁለትና ሦስት ሜትር በሆኑ ቁራጮች ተዘጋጅቶ ጣሪያው ላይ ይገጣጠማል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን መጋጠሚያ፣ ይኸውም ቀጭኑ ቱቦ በወፍራሙ ውስጥ ገብቶ የሚታሰርበትን የጥቂት ሴንቲ ሜትር ቦታ ነው።

ጉዳዩ የሥራ ቤት ጉዳይ እንጂ የምርምር ጉዳይ መስሎ ላይታይ ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ የአንቴና ክንድ ከመጋጠሚያው ቢሰበር ከ600 ግራም የማይበልጥ፣ ነገር ግን ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም ብረት ከስድስተኛ ፎቅ ወደ መንገድ ይወርዳል። ከታች ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ ወይም 15 ኪሎ ቮልት የተሸከመ የኤሌክትሪክ መሥመር ሊኖር ይችላል። መጋጠሚያው ሳይሰበር ንክኪው ብቻ ቢላላ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ክረምት ከገባ በኋላ እርጥብ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያጠብቀው ሰው አይገኝም። ስለዚህ መጋጠሚያው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ ጠጋኝ መቆም አለበት።

በአገራችን የአማተር ሬዲዮ እንቅስቃሴ ገና ጠባብ ነው። «ኢቲ» በሚል መነሻ የሚጀምረው የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በአየር ላይ እምብዛም ስለማይሰማ በሌሎች አገሮች አማተሮች ዘንድ ተፈላጊ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ፣ አንድ የምህንድስና ተማሪ አንቴናን ከቀመር አውጥቶ በእጁ ሊነካባቸው ከሚችሉት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በግል ጣሪያ ላይ አንቴና ለማቆም የሚያስብ ሰው ለማሰራጨት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አይዘንጋ፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በኢምፔሪያልና በገርጂ ላለ ሰው ደግሞ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤቱ ስለሆነ፣ ምሰሶ ከማቆሙ በፊት የአካባቢውን የከፍታ ገደብ መጠየቅ ይኖርበታል።

መጻሕፍቱ የሚያስቡት ቱቦ

በእጃችን የሚገቡት የአንቴና አሠራር መጻሕፍት በአብዛኛው ለአሜሪካ ገበያ የተጻፉ ናቸው። በዚያ ገበያ የግድግዳው ውፍረት 0.058 ኢንች፣ ማለትም 1.47 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ የአሉሚኒየም ቱቦ አንድ ስምንተኛ ኢንች እየጨመረ በተከታታይ መጠን ይሸጣል። እያንዳንዱ ቱቦ በሚቀጥለው ውስጥ ሲገባ በዲያሜትር የሚቀረው ክፍተት 0.23 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቅይጡም ብዙውን ጊዜ 6061 ቲ6 ነው፤ የዚህ ቅይጥ ዝቅተኛ የመጉበጥ ወሰን (ቱቦው ሲለቁት ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ የሚያቆምበት ጫና) 240 ሜጋ ፓስካል ነው። ቱቦው በራሱ የሚገጥምና እንዲህ ጠንካራ ከሆነ ስለ መጋጠሚያው ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። መጻሕፍቱም ብዙ አይሉበትም።

እዚህ ያለው ሁኔታ ይለያል። ገበያችን የሚያውቀው አሉሚኒየም የመስኮትና የበር ነው። መጠኑ በሚሊ ሜትር ነው፤ ቱቦዎቹም አንዱ በሌላው እንዲገባ ታስበው አልተሠሩም። የውጭ ዲያሜትሩ 25፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ውስጡ 21 ሚሊ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲገባበት የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተርፋል፤ ይህም ከአሜሪካው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ቱቦው በውስጡ ይንኳኳል ማለት ነው። ቅይጡን በተመለከተ፣ ለመስኮትና ለበር የሚውለው በዓለም ዙሪያ በአብዛኛው 6063 ነው፤ በቲ5 ደረጃ ሲሆን ዝቅተኛ የመጉበጥ ወሰኑ 110 ሜጋ ፓስካል ነው። ሻጩ የቅይጡን ደረጃ በጽሑፍ ካላረጋገጠ በቀር ስሌቱን በዚህ ዝቅተኛ ቁጥር መሥራት ይገባል።

አራት ማዕዘን ቱቦ ከክቡ በቀላሉ ስለሚገኝ «ለምን እሱን አንጠቀምም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ነፋስ ነው። የክብ ቱቦ የነፋስ መጎተቻ አኃዝ 1.2 ያህል ሲሆን፣ ጠርዙ ስል የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦ 2 ያህል ነው። አራት ማዕዘኑን ለመሃል መሸከሚያ ማዋል ይቻላል፤ ለክንድ ግን አይመከርም። ከምን አለሽ ተራ የሚገኝ የአሮጌ ድንኳን ምሰሶ ወይም የተጣለ ክራንች፣ ክብና ጠንካራ እስከሆነ ድረስ፣ ከአዲስ አራት ማዕዘን ቱቦ የተሻለ ነው።

ነፋሱና ቀዳዳው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል፤ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም የነበረው ወደ 0.98 ይወርዳል። እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ እዚህ የሚያሳድረው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተፈጥሮ የሰጠችን ቅናሽ ይህ ነው፤ ሌላ ቅናሽ የለም።

ለስሌት ያህል በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንውሰድ። በከተማችን ከፍታ የዚህ ነፋስ ግፊት 439 ፓስካል ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 20፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር 10.5 ኒውተን ያሳርፋል። የቱቦው የራሱ ክብደት ግን በሜትር 2.3 ኒውተን ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው ክንዱን በይበልጥ የሚያጎብጠው ወደ ታች የሚስበው ክብደቱ ሳይሆን ወደ ጎን የሚገፋው ነፋስ መሆኑን ነው። ዓይናችን ግን የሚያየው ክብደቱን ነው፤ አንቴና ሲሠራ የቱቦው ወደ ታች መጉበጥ እንጂ ወደ ጎን መገፋቱ አይታይም።

አሁን 5 ሜትር የሚረዝም የአንቴና ክንድ እናስብ፤ ከመሃሉ ወዲያ ያለው 2.5 ሜትር ከተጠቀሰው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ የተሠራ ነው። በወፍራሙ ቱቦ አፍ ላይ የሚደርሰው የማጉበጥ ኃይል 33 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም በቀጭኑ ቱቦ ሥጋ ላይ 88 ሜጋ ፓስካል ጫና ያሳድራል። ወሰኑ 110 ስለሆነ ቱቦው ይችለዋል። ጥያቄው ቀዳዳ ስንበሳበት ምን ይሆናል የሚለው ነው።

በአፉ አጠገብ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከግራ ወደ ቀኝ አሳልፈን በዳዶ ብናስረው፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች የሚወድቁት ነፋሱ በይበልጥ በሚያስጨንቀው የቱቦው ጎን ላይ ነው። ያ የቱቦ ክፍል ለወደ ጎን መጉበጥ ያለውን መቋቋም በ34 በመቶ ያህል ያጣል። ጫናውም ከ88 ወደ 133 ሜጋ ፓስካል ያሻቅባል፤ ወሰኑን አለፈ ማለት ነው። በ6061 ቲ6 የሚሠራ አሜሪካዊ አማተር ይህንኑ ቢያደርግ 133ቱ ከ240 በታች ስለሆነ ምንም አይደርስበትም። አንድ ዓይነት አሠራር፣ አንድ ዓይነት ቡሎን፣ ውጤቱ ግን የተለያየ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የመጋጠሚያ ንድፍ እዚህ አገር ከመጽሐፍ የሚቀዳ ሳይሆን እንደ አዲስ የሚሰላ ነው የሚያሰኘው ይህ ነጥብ ነው።

«ታዲያ ቡሎኑን ከላይ ወደ ታች እናሳልፈው» ሊባል ይችላል። ለከባድ ነፋስ ይህ ትክክል ነው፤ ቀዳዳዎቹ ለወደ ጎን መጉበጥ ጫና በሌለበት መስመር ላይ ይውላሉ። ነገር ግን ሌላ ጠላት አለ። ለዘብ ያለና ያልተቋረጠ ነፋስ በክብ ቱቦ ላይ ሲያልፍ ከቱቦው ጀርባ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ትናንሽ አዙሪቶችን እየፈጠረ ይሄዳል፤ ቱቦውም በዚያው ምት ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ የሚፈጥረው ምት በሰከንድ 50 ያህል ነው። ይህ ምት ከቱቦው የራሱ ንዝረቶች ከአንዱ ጋር ሲገጥም ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 180,000 ጊዜ ማለት ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት «ከዚህ በታች ከሆነ አይደክምም» የሚባል የታወቀ ወሰን የለውም፤ ምቱ በበዛ ቁጥር በቀዳዳው ጠርዝ ስንጥቅ ይጀምራል። ከላይ ወደ ታች የተበሳው ቀዳዳ ደግሞ ለዚህ ንዝረት በክፉው ቦታ ላይ ነው። ዝናብም ከላይ በቀላሉ ይገባበታል።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ቀዳዳ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን ከአንዱ ጠላት ሲሸሽ ለሌላው ይጋለጣል። መውጫው ቀዳዳውን ማሳነስና አቅጣጫውን መበተን ነው። ሦስት ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሪቬቶች በቱቦው ዙሪያ በ120 ዲግሪ ልዩነት፣ በርዝመቱም በየ3 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ቢመቱ፣ በየትኛውም አንድ ቦታ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ይሆናል። መቋቋሙ በክፉው አቅጣጫ እንኳ የሚቀንሰው በ11 በመቶ ነው፤ ጫናው 99 ሜጋ ፓስካል ላይ ይቆማል። ሦስቱም በአንድ ዙር ላይ ቢመቱ ቅናሹ 16 በመቶ፣ ጫናው 105 ይሆናል። ይህም ከወሰኑ በታች ቢሆንም የተረፈው ልዩነት ለስህተት ቦታ አይሰጥም። እነዚህ ስሌቶች ቀዳዳው በወፍራሙ ቱቦ አፍ አጠገብ እንዳለ አድርገው የተሠሩ ናቸው። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር በቀጭኑ ቱቦ ላይ ያለው የማጉበጥ ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሪቬቶቹን ከአፉ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ማራቅ ሌላ ትርፍ ያስገኛል።

የመደራረቢያው ርዝመትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ማጉበጡን የሚሸከሙት ሪቬቶቹ አይደሉም፤ ቀጭኑ ቱቦ በወፍራሙ ውስጥ በአንድ ጫፍ ወደ አንድ ጎን፣ በሌላው ጫፍ ወደ ተቃራኒው ጎን ተደግፎ ነው። የሁለቱ ድጋፎች ርቀት ባጠረ ቁጥር ኃይሉ ይበዛል። መደራረቢያው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ በእያንዳንዱ ድጋፍ ላይ ወደ 1,000 ኒውተን፣ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ 330 ኒውተን ያህል ያርፋል። አሥር ሴንቲ ሜትር ቱቦ ለመቆጠብ ሲባል ሦስት እጥፍ ኃይል መሸከም ትርፍ አይደለም።

ጅረቱ የሚሄድበት መንገድ

የሬዲዮ ጅረት በብረት ውስጥ ሁሉ አይሄድም፤ በገጹ ላይ ብቻ ይሄዳል። በ14.2 ሜጋ ኸርዝ በ6063 አሉሚኒየም ውስጥ የሚሠርገው ጥልቀት 0.024 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ። በመሆኑም ከክንዱ ጫፍ የሚመጣው ጅረት በቀጭኑ ቱቦ ውጫዊ ገጽ ላይ ተጉዞ ከወፍራሙ ቱቦ አፍ ሲደርስ መሻገሪያ ይፈልጋል። አፉ ላይ ንክኪ ካላገኘ በክፍተቱ ውስጥ እስከ ሪቬቱ ድረስ ይገባና በወፍራሙ ቱቦ ውስጠኛ ገጽ ተመልሶ ይወጣል።

ይህ መዞር ይጎዳል ወይ? ክፍተቱን እንደ አጭር የኮአክሲያል መሥመር ብንቆጥረው፣ ከላይ በጠቀስነው 20 እና 21 ሚሊ ሜትር ልኬት የመሥመሩ ኢምፒዳንስ 3 ኦም ያህል ነው። ሪቬቱ በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን እንኳ ጅረቱ የሚገጥመው ኢንዳክቲቭ ሪአክታንስ 0.13 ኦም ብቻ ነው፤ ለዲፖል ይህ ምንም ማለት አይደለም። ከዚህ ደስ የሚል መደምደሚያ እናገኛለን። ኤሌክትሪኩ ሪቬቱ አፉ ላይ እንዲሆን አያስገድድም፤ ስለዚህ ሪቬቱን ለጥንካሬ በሚመቸው ጥልቅ ቦታ ላይ ያለ ስጋት ማድረግ ይቻላል።

ንክኪው ጨርሶ ቢጠፋስ? በዚያን ጊዜ መጋጠሚያው 171 ፒኮ ፋራድ ገደማ ያለው ካፓሲተር ይሆናል፤ በ14.2 ሜጋ ኸርዝ 66 ኦም ሪአክታንስ ማለት ነው። ይህ አንቴናውን ከተስተካከለበት ድግግሞሽ ያስወጣዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ንክኪው መጥፋቱ ሳይሆን መምጣትና መሄዱ ነው። ነፋስ ክንዱን ባወዛወዘ ቁጥር መጋጠሚያው በ0.1 ኦምና በ66 ኦም መካከል ይዘላል፤ የቋሚ ሞገድ ምጣኔውም አብሮት ይዘላል። ኦፕሬተሩ ሬዲዮውን፣ ኬብሉንና ማስተካከያውን ሲጠረጥር ይውላል።

ከኃይል ብክነት አንጻር መጋጠሚያ የሚፈራ አይደለም። 100 ዋት በሚያሰራጭ ዲፖል፣ በክንዱ መሃል ያለ 0.1 ኦም መጋጠሚያ የሚያባክነው 0.07 ዋት ብቻ ነው። ነገሩ የሚለወጠው አንቴናው ሲያጥር ነው፤ ይህ ደግሞ በኢምፔሪያልና በገርጂ አፓርታማዎች በረንዳ ላይ ለሚሠራ ሰው የዕለት ጉዳይ ነው። ለ7 ሜጋ ኸርዝ የተሠራ 2.5 ሜትር ቋሚ አንቴና የጨረራ ሬዚስታንሱ 1.4 ኦም ያህል ነው። በታችኛው ጫፉ ያለ 0.1 ኦም መጋጠሚያ፣ ሌላ ብክነት ባይኖር እንኳ፣ ከኃይሉ 7 በመቶ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። በረንዳ ላይ ያለ አጭር አንቴና ከጣሪያው ዲፖል ይልቅ ለመጋጠሚያው መጠንቀቅ አለበት።

አንድ ሌላ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የዛገ ወይም ኦክሳይድ የያዘ ንክኪ እንደ ዳዮድ ሊሠራና የተቀበለውን ሞገድ ወደ እጥፎቹ ሊቀይር ይችላል። የ28.5 ሜጋ ኸርዝ አራተኛ እጥፍ 114 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ ይህ ለአውሮፕላን መሪ ጣቢያዎች በተመደበው ከ108 እስከ 117.975 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። የሚወጣው ኃይል እጅግ አነስተኛ ነው። ሆኖም ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ እየኖሩ «አነስተኛ ነው» ብሎ መተው ለዚህ ጸሐፊ አይዋጥለትም።

በምን ይታሰር

የሥራ ቤቱ ቋንቋ አብዛኛውን ከጣሊያንኛ ስለወረስነው ምርጫዎቹን በዚያው ስማቸው መጥራት ይሻላል፦ ቡሎንና ዳዶ፣ ቪቴ፣ ፋሼታ፣ ሪቬት። ስለ ቡሎን ከላይ ተብሏል። መጨመር ያለበት፣ ስስ ቱቦን አጥብቆ ማሰር ክቡን ወደ ሞላላ እንደሚጨፈልቀውና ከጊዜ በኋላ እንደሚላላ ነው። የግድ ከሆነ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቡሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይሁን።

ቪቴ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በ1.5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ላይ የሚይዝለት ጥርስ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ንዝረት ሲበዛበት ይለቃል፤ ለሙከራ ካልሆነ አይመረጥም።

ፋሼታ፣ ማለትም የውኃ ጎማ የሚታሰርበት ጥምዝ ማሰሪያ፣ ከፍ ያለ ጥቅም አለው፤ ርዝመቱ ሊለዋወጥ የሚገባውን ቱቦ አንዳች ቀዳዳ ሳይበሱ ያስራል። ይሁን እንጂ እንዲጨብጥ የወፍራሙ ቱቦ አፍ በሴጌቶ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መሰንጠቅ አለበት፤ ስንጥቁም በነፋስ ንዝረት ወደ ውስጥ ይሄዳል። በስንጥቁ መጨረሻ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በመብሳት መንገዱን መዝጋት ይቻላል። ትክክለኛ ቦታው የክንዱ የመጨረሻ ጫፍ ነው፤ እዚያ የማጉበጥ ኃይሉ ከዜሮ ብዙ አይርቅም፣ ጅረቱም ትንሽ ነው፣ ርዝመት የሚስተካከለውም እዚያው ነው። በገበያ ርካሹ ፋሼታ ብረት ተቀብቶ የተሠራ ስለሆነ በአንድ ክረምት ይዝጋል፤ ማግኔት የሚይዘውን ሳይሆን የማይዘውን መምረጥ ጥሩ መለያ ነው፣ ፍጹም ባይሆንም።

ብየዳ ለብዙ ሰው የመጨረሻው አስተማማኝ መፍትሔ ይመስላል። በአሉሚኒየም ላይ ግን የሚያታልል ነው። 6063 ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ነው፤ የብየዳው ሙቀት ያንኑ ሕክምና በመገጣጠሚያው ዙሪያ ይሽረዋል። የተበየደው ቦታ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቱቦ ይታጠፋል።

ስለዚህ ለክንዱ መሃል መጋጠሚያዎች ሪቬት ይመረጣል። ጉድለቱ መፍታት ካስፈለገ በትራፓኖ መበርበር የግድ መሆኑ ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ቀዳዳው በጥቂቱ ይሰፋል። ቤት ለሚለዋወጥ ተከራይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ጊዜ ከተፈታ በኋላ ሪቬቶቹን በ60 ዲግሪ አዙሮ በአዲስ ቦታ መምታት የተሻለ ነው።

ክፍተቱን መሙላት

አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው መጋጠሚያ በምንም ቢታሰር ይንኳኳል። መሙያው በቀጭኑ ቱቦ ላይ የሚጠቀለል ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። የዲያሜትር ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚያስፈልገው ላሜራ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለት ቦታ፣ በወፍራሙ ቱቦ አፍ እና በመደራረቢያው ውስጠኛ ጫፍ፣ እያንዳንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ቢጠቀለል ይበቃል፤ ድጋፍ የሚፈለገው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነውና። ለትንሽ ክፍተት የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ተቆርጦ ሊያገለግል ይችላል፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ከውጭም ከውስጥም የማይታይ ሽፋን ተቀብቷል፤ ሽፋኑ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ንክኪ የለም። የጣሪያ ቆርቆሮ ግን አይግባ፤ ብረት ስለሆነ በእንዲህ ያለ ድግግሞሽ ጅረትን ያባክናል፣ ዚንኩ ሲያልቅም ይዝጋል።

የመዳብ ሽቦን በቀጥታ ከአሉሚኒየም ጋር ማሰርም እንዲሁ መወገድ አለበት። ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ ተጎጂው አሉሚኒየሙ ነው። ኬብሉ የሚያያዝበት ቦታ ላይ በቆርቆሮ የተለበጠ የኬብል ጫፍና ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሮንዴላ በመካከል ይግባ።

አሉሚኒየም ተፍቆ አየር በነካው ቅጽበት በጥቂት ናኖ ሜትር ኦክሳይድ ይሸፈናል፤ ይህ ሽፋን ጅረት አያስተላልፍም። ስለዚህ አስቀድሞ መፋቅ ብቻ አይበቃም። የኤሌክትሪክ መሥመር ሠራተኞች በአሉሚኒየም ገመድ ማያያዣ ላይ የሚቀቡት፣ የዚንክ ብናኝ ያለበት ቅባት ቱቦው ላይ ከተቀባ በኋላ በቅባቱ ውስጥ ሆኖ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ አየር ሳይነካው ወዲያው ይገጠማል። ቅባቱ ካልተገኘ ቫዝሊን ከምንም ይሻላል፤ እርጥበትን ይከለክላል፣ በበጋ ፀሐይ ግን ይቀልጣል።

ሥራውና ፍተሻው

የቱቦዎቹ ጫፎች ከተቆረጡ በኋላ የውስጥና የውጭ ስለታቸው በሞረድ ይነሳ። ቱቦው በሞርሳ ሲያዝ በሁለቱም በኩል እንጨት ይደረግለት፤ የሞርሳ ጥርስ የተወው ጭረት የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። ላሜራው ተጠቅልሎ፣ ቅባቱ ተቀብቶ፣ ቀጭኑ ቱቦ 15 ሴንቲ ሜትር ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ቀዳዳ በ3.3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳና ሪቬቱ ወዲያውኑ ይመታ። ሦስቱን ቀዳዳዎች በአንድ ጊዜ በስቶ ከዚያ መምታት ቀዳዳዎቹ እንዳይገጥሙ ያደርጋል። ከሦስቱ አንዱ ከታች በኩል እንዲውል ማድረግና ከክንዱ ጫፍ አጠገብ ከታች ባለ 3 ሚሊ ሜትር የውኃ መውጫ መተው ጥሩ ነው። የክንዱ ጫፍ ራሱ ይደፈን፤ ክፍት ቱቦ ለተርብ የተዘጋጀ ቤት ነው። ከመደፈኑ በፊት አንድ የናይሎን ገመድ በቱቦው ውስጥ እንዲሁ ልል ሆኖ ቢጋደም፣ ከላይ የተገለጸውን ንዝረት ከቱቦው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ያረግበዋል።

ፍተሻው መሬት ላይ እያለ ይደረግ። በላቦራቶሪ የኃይል ምንጭ 1 አምፔር ቀጥተኛ ጅረት በመጋጠሚያው ውስጥ አሳልፎ፣ ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ በተለዩ ሁለት መርፌዎች ቮልቴጁን መለካት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሚሊ ቮልት አንድ ሚሊ ኦም ነው። ተራ ኦም ሜትር ለዚህ አይሆንም፤ የራሱ ገመዶች ሬዚስታንስ ከሚለካው ይበልጣልና። በልኬቱ ጊዜ ቱቦው ይወዝወዝ፤ ቁጥሩ ትንሽ ከመሆኑ ይልቅ ሲወዘወዝ አለመለወጡ ይበልጣል። አንቴናው ከተሰቀለ በኋላ የቋሚ ሞገድ ምጣኔው በደረቅ ቀን ተለክቶ ይመዝገብ፤ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ እንደገና ይለካ። ሁለቱ ልኬቶች በጥቂቱ ቢለያዩ የውኃው ሥራ ነው። በነፋስ ጊዜ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ግን አንድ መጋጠሚያ ንክኪው ላልቷል፤ ያን መጋጠሚያ ለማግኘት አንድ ሰው ሬዲዮው ጋ ሆኖ ቁጥሩን እያየ፣ ሌላው በደረቅ ረዥም እንጨት ክንዱን በየተራ መነካካት አለበት። ይህ ሲደረግ በዝቅተኛ ኃይል ብቻ ይሰራጭ፤ በክንዱ ጫፍ ያለው የሬዲዮ ቮልቴጅ በ100 ዋት ቆዳ ለማቃጠል ይበቃል።